ለተበዳዩስ ማን ይቆምለታል?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የሀገራችን ተረት። ወንጀል ሲፈጸም ፖሊስ አጥፊውን ይፈልጋል፤ ዓቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ዳኛ ይፈርዳል። የቆሰለው ሰው ግን የሐኪም ቤት ዕዳውን ታቅፎ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ሰው በአሜሪካ የተመደበ ገንዘብ መኖሩን ያልሰሙ ወገኖች ስላሉ፣ አሠራሩን በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

ለተጎጂ ከመንግሥት ካዝና ካሣ የሚከፍል ሕግ በቅድሚያ ያወጣችው ኒው ዚላንድ ናት፤ ዘመኑም እ.አ.አ. 1963 ነበር። ከአሜሪካ ስቴቶች ካሊፎርኒያ በ1965 ቀደመች። በ1984 የአሜሪካ ኮንግረስ የወንጀል ተጎጂዎችን ሕግ ሲያወጣ ልዩ ፈንድ አቋቋመ። የፈንዱ ገንዘብ የሚመጣው ከግብር ከፋዩ ሳይሆን፣ በፌዴራል ወንጀል የተፈረደባቸው ከሚከፍሉት መቀጫና ከተወረሰ የዋስትና ገንዘብ ነው። በዳዩ የከፈለው ለተበዳይ ይውላል ማለት ነው።

ገንዘቡ በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው ካሣ ነው፦ ስቴቱ ለሕክምና፣ ለምክር አገልግሎት፣ ለቀብርና ከሥራ በመቅረት ለታጣ ደመወዝ ይከፍላል። ከ2021 ወዲህ ስቴቱ ከራሱ ለከፈለው ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ፈንዱ 75 ዶላር ይሰጠዋል። ካሣው ኢንሹራንስና ሌላው ምንጭ ያልሸፈነውን ብቻ የሚሞላ ሲሆን፣ ለተሰረቀ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። ሁለተኛው አገልግሎት ነው፦ በቤታቸው የሚደበደቡ ሴቶች የሚጠለሉበትና የተደፈሩ ሰዎች የሚረዱበት ስፍራ ከዚህ ይደጎማል።

ነገር ግን መቀጫ ሲያንስ ፈንዱም ይሳሳል። ታላላቅ ኩባንያዎች ሳይፈረድባቸው በስምምነት የሚከፍሉት መቀጫ ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት ይገባ ስለነበር ጉድለቱ ከፋ፤ በ2021 የወጣው ማሻሻያ ይህ ገንዘብ ወደ ፈንዱ እንዲገባ አዘዘ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ካሣው ላመለከተ እንጂ ዝም ላለ አይደርስም። ጥፋተኛው ባይያዝም ማመልከት ይቻላል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ስቴቶች ጉዳቱ ለፖሊስ እንዲነገር ይጠይቃሉ፤ የማመልከቻ ጊዜም ይወስናሉ። ስለዚህ የሕክምና ደረሰኝና የአሠሪ ደብዳቤ ሳይጠፉ ይቀመጡ።

የተጎዳን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ልማዳችን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ማመልከቻውን ይዞ ይምጣና አብሮ ተቀምጦ ይሙላለት።