ባለባትሪ መሰርሰሪያ ሲዳከም፦ አዲስ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በጠባብ ግቢ የሚያለማ አርሶ አደር የዶሮ ኬጁንና የጎመን መደርደሪያውን ደራርቦ ይሠራል። መሰርሰሪያው፣ ማለትም ትራፓኖው፣ ቆሞ ኬጁ ሳይጠገን ካደረ ዶሮዎቹ ለድመት ይጋለጣሉ። ይሁን እንጂ የደከመ መሰርሰሪያ ሁሉ አይጣልም፤ ያረጀውን ክፍል መለየት ይቀድማል።

1. ባትሪ፦ ለዚያው መሣሪያ የተሠራ ደህና ባትሪ ተውሰው ይሞክሩ። በኃይል ከሠራ ችግሩ የባትሪው ወይም የቻርጀሩ ነው። ባለ 18 ቮልት ሊቲየም ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 5 ሴሎች ስላሉት ሙሉ ሲሆን በቴስተር 21 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ንባቡ በጣም ካነሰ ሴል ደክሟል።

2. ካርቦን፦ በደህና ባትሪም እየቆራረጠ የሚሠራና ብዙ ብልጭታ የሚያወጣ ከሆነ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል። ባትሪውን ነቅለው ይክፈቱ፤ ሁለቱንም ካርቦን በአንድ ጊዜ ይለውጡ። ብራሽለስ የተባለው ሞተር ካርቦን የለውም።

3. የፑንታ መያዣ፦ ፑንታው ከተንሸራተተ መንጋጋውን ከአቧራ ያጽዱ። ካለቀ መያዣውን ይቀይሩ። በውስጡ ያለው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ ወደ ግራ ቢታገሉት ይሰበራል።

ማሳሰቢያ፦ ያበጠ ባትሪ አይክፈቱ፣ ቻርጅ አያድርጉ፣ ከቆሻሻ ጋር አያቃጥሉ። ከሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪ ሳይቀዘቅዝ ቻርጅ አይደረግም። ሴል የመቀየሩን ሥራ ለባለሙያ ይተዉ፤ የቀረውን ፍተሻ ግን ለጎረቤትዎ ያሳዩ።