እናቱ የሞተችበትን ጥጃ በወተት ላም ስለ ማሳደግ

በደጋው አገር የሚኖር ገበሬ ላሙ በወሊድ ወይም በበሽታ በሞተችበት ጊዜ ጉዳቱ አንድ ብቻ አይደለም። ወተቱና ቅቤው ይቀርበታል፤ ከዚህም በላይ ከኋላዋ የቀረው ጥጃ የሚያጠባው አጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ እናቱን ይከተላል። ይህ ጥጃ ወንድ ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጥማዱ አንዱ በሬ፥ ሴት ብትሆን የሞተችውን የምትተካ ላም ለመሆን የሚችል ነበር። ስለዚህ ጥጃውን ማዳን የቤቱን የነገ ሀብት ማዳን መሆኑን ማንም አስተዋይ ሰው አይስተውም። ለዚህም ከሚደረጉት ዘዴዎች መካከል እጅግ የተሻለው፥ ወተት የሞላት አንዲት ላም እንደ ሞግዚት ሆና እንድታጠባው ማድረግ ነው። የዚህም ጽሑፍ ዐላማ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል መግለጽ ነው።

እናት አልባ ጥጃ ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓመተ ምሕረት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ፥ በታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራውን ታላቅ ረኃብ አስከተለ። ያ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በዚያው አቈጣጠር በ2011 ዓመተ ምሕረት ታውጇል። ነገር ግን የወሊድ ችግር፥ አባ ሰንጋና ድርቅ ዛሬም ላሞችን ከጥጆቻቸው መለየታቸውን አልተዉም።

ስለ እንገር

ከሁሉ አስቀድሞ መታሰብ የሚገባው እንገር ነው። የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ በሽታን የሚከላከል ኃይል ከእናቱ ደም ይደርሰዋል፤ ጥጃ ግን ይህ ኃይል በማኅፀን ስለማይደርሰው ባዶ እጁን ይወለዳል። የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ይህን ኃይል ሳይፈጭ ወደ ደሙ ለማሳለፍ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው፤ ከ6 ሰዓት በኋላ እየደከመ ይሄዳል፥ አንድ ቀን ሲሞላው ይዘጋል። ስለዚህ ነገ ላም እፈልግለታለሁ ብሎ ማደር ጥጃውን አሳልፎ መስጠት ነው።

ልኩም ከጥጃው ክብደት ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ነው። 25 ኪሎ ለሚመዝን የአገር ጥጃ 2 ሊትር ተኩል፥ 40 ኪሎ ለሚመዝን የፈረንጅ ዘር ጥጃ 4 ሊትር ይሆናል። በዚያው ቀን የወለደች ጤነኛ የጎረቤት ላም ብትገኝ ከእርሷ ማለብ ነው። በረዶ የሚሠራ መሣሪያ ያለው ባለ ከብት ደግሞ የተረፈውን እንገር አቀዝቅዞ ቢያኖር እስከ ዓመት ድረስ ይቈይለታል። በሚሰጥበት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን አስቀምጦ ማሟሟት ይገባል እንጂ በእሳት ላይ መጣድ አይገባም፤ ብርቱ ሙቀት የመከላከሉን ኃይል ያጠፋዋልና።

ሞግዚቷን ላም ስለ መምረጥ

ለዚህ ሥራ የምትመረጠው ላም ጠባየ ገር፥ ከአንድ ጊዜ በላይ የወለደች፥ ግቷ ጤናማ የሆነና አራቱም ጡቶቿ ወተት የሚሰጡ ልትሆን ይገባል። በቅርብ ቀን የወለደች ብትሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ወልዳ ብዙ ወር የቈየች ላም የባዕድ ጥጃ ለመቀበል አስቸጋሪ ናትና።

ከሁሉም የምትመቸው ጥጃዋ የሞተባት ላም ናት። የአገራችን ላም ጥጃዋ ካልቀረባት ወተቷን እንደምትይዝ ባለ ከብት ሁሉ ያውቀዋል። ጥጃው ሲጠባት ወይም ሲቀርባት ከአንጎሏ ሥር ካለች ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ወደ ደሟ ይፈስሳል፤ ይህም ግቱን ጨምቆ ወተቱን ወደ ታች ያወርደዋል። አባቶቻችን ይህን ሆርሞን በስም ባያውቁትም ሥራውን ዐውቀው ነበር፤ ጥጃው ሲሞት ቆዳውን ገፈው ገለባ በመሙላት በላሚቱ ፊት ያቆሙላት ነበርና። እንግዲህ በአንደኛው ቤት እናት አልባ ጥጃ፥ በሌላው ቤት ጥጃ አልባ ላም ሲኖሩ፥ ሁለቱን ማገናኘት ሁለቱንም ቤት መጥቀም ነው።

ላሚቱ ጥጃውን እንድትቀበል ስለ ማድረግ

ላም ጥጃዋን የምትለየው ከሁሉ ይልቅ በሽታው ነው። በወለደች ጊዜ እየላሰች ሽታውን ትማራለች፤ ከዚያ በኋላ ሽታው የማይመስላትን በቀንዷና በእርግጫዋ ታባርራለች። ስለዚህ የሥራው ምሥጢር ሽታን ማሳት ነው።

1ኛ/ ላሚቱ ገና በምትወልድበት ሰዓት ከሆነ፥ የሽርቱን ውሃ በእናት አልባው ጥጃ ጀርባና ጭራ ላይ ቀብቶ ከራሷ ጥጃ ጋር ማቅረብ።

2ኛ/ ጥጃዋ የሞተባት ከሆነች፥ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፎ እንደ ካባ በባዕዱ ጥጃ ጀርባ ላይ ማሰር። ቆዳው ሳይበሰብስ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ እየተቀነሰ ይነሣል። ነገር ግን ጥጃው የሞተው በሚተላለፍ በሽታ ከሆነ ቆዳውን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድን ደግሞ መገፈፍ ይቅርና ሊነካ እንኳ አይገባውም።

3ኛ/ ከዚህ ሁሉ አንዱም ባይቻል ጨው በውሃ በጥብጦ በጥጃው ጀርባ ላይ መቀባት። ላሚቱ ጨዉን ስትል መላስ ትጀምራለች፤ መላስም የመቀበል መጀመሪያ ነው።

በማናቸውም ጊዜ ጥጃው ተርቦ ይቅረብ፤ የጠገበ ጥጃ ጡት አይፈልግምና። ላሚቱ ከገንዳ ላይ ታስራ መኖ ይቅረብላት። የራሷ ጥጃ ካለ እርሱ በጎን በኩል ሲጠባ ባዕዱን ከኋላ በእግሮቿ መካከል ማስጠጋት ይገባል፤ የወተቱ መውረድ ለሁለቱም ይሆናልና። ዱላና ጩኸት ግን ሥራውን ያበላሻሉ፤ የደነገጠች ላም ወተቷን ትይዛለችና። አንዳንዷ በአንድ ቀን ትቀበላለች፤ አንዳንዷ ሳምንት ትፈጃለች። ከሳምንት በኋላም የምትራገጥ ብትሆን እርሷን ትቶ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ስለ ልክና ስለ መኖ

አንዲት ላም ስንት ጥጃ እንደምታሳድግ የሚወሰነው በወተቷ መጠን ነው። በቀን 2 ሊትር የምትሰጥ የደጋ ላም ከአንድ ጥጃ በላይ አትችልም፤ ሁለት ቢጫኑባት ሁለቱም ይጫጫሉ። ከቆላው የባርካ ዘር የተሻሉት፥ እንዲሁም ከፈረንጅ ዘር የተዳቀሉት ግን ሁለት ወይም ሦስት ለማሳደግ ይችላሉ። ለምሳሌ በቀን 10 ሊትር የምትሰጥ ላም ብትኖር፥ 30 ኪሎ ለሚመዝነው ለራሷ ጥጃ 3 ሊትር፥ 25 ኪሎ ለሚመዝነው ለእንግዳው 2 ሊትር ተኩል ቢሆን፥ ለቤቱ 4 ሊትር ተኩል ይተርፋል። ጥጆቹ ሲያድጉ ግን ድርሻቸው ማደጉን መዘንጋት አይገባም።

ይህችም ላም እንደ ሥራዋ መብላት አለባት። ከድርቆሹ በላይ በየ2 ሊትር ተኩሉ ወተት 1 ኪሎ ያህል የፋጉሎና የፍሩሽካ ድብልቅ ቢሰጣት፥ ውሃም እንደ ልቧ ብታገኝ መልካም ነው። ጥጆቹም ቀኑን ሙሉ ከእርሷ ጋር መዋል የለባቸውም። ያለ ማቋረጥ የምትጠባ ላም፥ ይልቁንም መኖዋ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ኰርማ ለመፈለግ ትዘገያለች፤ የሚመጣው ዓመት ጥጃም በዚያው ይዘገያል። ስለዚህ በጧትና በማታ ለጥቂት ደቂቃ ማስጠባት በቂ ነው። በዚያን ጊዜም ጠባቂው ቆሞ ይመልከት፤ ብርቱው ጥጃ ደካማውን እየገፋ ድርሻውን ይወስድበታልና።

ስለ በሽታ

አንዲት ላም ብዙ ጥጃ በምታጠባበት ጊዜ በሽታዋም ለብዙ ይደርሳል። ስለዚህ ሞግዚቷ ከሳንባ ነቀርሳና ውርጃ ከሚያመጣው ከብሩሴሎሲስ ንጹሕ መሆኗ በእንስሳት ሐኪም ቢመረመር ይገባል። ግቷ ያበጠ ወይም ወተቷ የረጋና ደም የቀላቀለ ከሆነ ጥጃ አይቅረባት። ተቅማጥ የያዘውም ጥጃ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚያጠባም የሚያልብም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጡት ስለ ማስጣል

ጥጃው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽና ጥቂት ፍሩሽካ እየቀመሰ እንዲለምድ፥ ንጹሕ ውሃም እንዲቀርብለት ያስፈልጋል። ጨጓራው ሣር ለመፍጨት የሚበረታው ይህን በመቅመስ ነውና። በሦስተኛው ወር ገደማ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መኖ የሚበላ ከሆነ ጡቱን ቀስ በቀስ፥ አስቀድሞ የጧቱን ኋላም የማታውን፥ ማስጣል ይቻላል።

ስለ ጎረቤታሞች ውል

ጥጃውና ላሚቱ የአንድ ሰው ባልሆኑ ጊዜ ነገሩ ወደ ጠብ እንዳይደርስ አስቀድሞ መዋዋል ይገባል። ባለ ላሙ የሚያጣው ወተት በሊትር ይገመት፤ ባለ ጥጃውም በፋጉሎ፥ በድርቆሽ፥ በጉልበት ወይም ጥጃው አድጎ ሲሸጥ በገንዘብ የሚከፍለው ይወሰን፤ ጥጃው ቢሞትስ ኪሳራው የማን እንደሚሆን ይነገር። ይህም በሁለት ሽማግሌ ፊት ይሁን። ባልተነገረ ነገር ተጣልተው ዳኛ ፊት የሚቆሙ ጎረቤታሞች ከጥጃው ዋጋ የሚበልጥ ኪሳራ ይደርስባቸዋልና።

እንግዲህ ላም የሞተችበት ሰው በሐዘኑ ተይዞ ጥጃውን ከቤቱ ጥግ እንዳይረሳው፥ ያን ጊዜውኑ እንገር እንዲፈልግለትና ጥጃዋ የሞተባትን ላም እንዲጠይቅለት አደራ እንላለን። የሞተችው ላም አትመለስም፤ የእርሷ ዘር ግን በዚያ ጥጃ ውስጥ ቀርቷል።