የሌለው ውሻ ኮቴ

እ.ኤ.አ. በ2009 ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ውስጥ አቬሪ የሚባል የቤት ውሻ ከግቢው አምልጦ ወጣ፤ የከተማው የእንስሳት መጠለያም ያዘው። ባለቤቱ ሊያወጣው ቢሄድም በእጁ የያዘው ገንዘብ ለክፍያው አልበቃም፤ ውሻው ባለቤት እንዳለው የሚያሳይ ምልክት ተደረገለት። ተመልሶ ሲመጣ ግን አቬሪ በስሕተት ከሚገደሉት ተርታ ገብቶ ሞቷል። ቤተሰቡ ክስ መሠረተ። ፎርት ወርዝ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 ፍቅርም በካሳ ሊታሰብ ይችላል ሲል፣ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ውሳኔውን ሻረው። የተደገፈው በ1891 በተሰጠ ፍርድ ነው፦ ውሻ ንብረት ነው፤ የሚካሰውም በገበያ ዋጋው ወይም በሚሰጠው አገልግሎት ልክ ነው። ዳኞቹ ሰው ውሻውን እንደሚወድ አልካዱም፤ በገንዘብ አንተምነውም አሉ እንጂ።

የሰው አንጎል ግን ውሻን እንደ ንብረት አይመዘግብም። ትንሽ ውሻ የሞተበትን ቤት እናስብ። አባት ከሥራ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ጆሮው የጥፍር ኮቴ ይጠብቃል። እናት ሥጋ ስትከትፍ ሳታስበው አንድ ቁራጭ ለብቻ ታስቀምጣለች። ልጁ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቃል። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ኮቴውን በእርግጥ ሰማሁ ይላል፤ ነገሩን ለሰው መናገርም ያፍራል።

የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ኖርዌይ ትሮንድሄም ውስጥ፣ በጊዜው ባልና ሚስት የነበሩት ሞዘሮች በሚመሩት ቤተ ሙከራ፣ ተመራማሪዎች አይጦች በሚንቀሳቀሱበት ሥፍራ አንድ ዕቃ አስቀመጡ፤ ቆይተውም አነሡት። በ2013 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ አይጡ ዕቃው የነበረበት ቦታ ሲደርስ በአንጎሉ ውስጥ የሚነቁ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ ዕቃው ከተነሣ ከቀናት በኋላም ይነቃሉ። እነዚህ ሴሎች የሚመዘግቡት “እዚህ የነበረው የለም” የሚለውን ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ኀዘንን የምታጠናው ሜሪ ፍራንሲስ ኦኮነር ይህን ግኝት ለሰው ኀዘን ማስረጃ አድርጋ ታነሣዋለች። የምንወደው የት እንዳለና መቼ እንደሚመጣ አንጎላችን ካርታ ይዟል፤ ካርታውን የሠራው የብዙ ሺህ ቀን ልምድ ነው። የሞት ዜና በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ካርታው ግን በአንድ ቀን አይታረምም። አይጥና ዕቃ ከሰው ኀዘን ጋር እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ መሠረቱ ግን ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ውሻ ወደዚህ ካርታ የሚገባበትን መንገድ በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ባለቤትና ውሻ ዓይን ለዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ ይጨምራል። እናትን ከጨቅላዋ ጋር የሚያስተሳስረውም ይኸው ሆርሞን ነው። በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም።

ትንሽ ውሻ ሲሆን ደግሞ ትስስሩ ይረዝማል። ግሬት ዴን የተባለው ግዙፍ ዝርያ አሥር ዓመት ከሞላ ብዙ ኖረ ይባላል፤ ቺዋዋ አሥራ አራትና ከዚያም በላይ መኖሩ የተለመደ ነው። ትንንሽ ዝርያዎች የሚጋሩት የአይ-ጂ-ኤፍ-1 ጂን ዓይነት በ2007 ታውቋል፤ ጂኑ የሚያሠራው ዕድገትን የሚያፋጥን ሆርሞን በትንንሾቹ ደም ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ለረጅም ዕድሜያቸውም አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ዳላስ አጠገብ ባሉት ጋርላንድ ወይም ፕላኖ ውስጥ አንደኛ ክፍል ሲገባ ቡችላ የተገዛለት የሐበሻ ልጅ፣ ከዚያው ውሻ ጋር ሃይስኩል ጨርሶ ኮሌጅ ሊገባ ሲል ይቀብረዋል። ያለ እሱ የኖረበትን ዘመን አያስታውስም።

ወላጆቹ ያደጉት ውሻ በር ላይ አድሮ ግቢ በሚጠብቅበት አገር ነው። “ለውሻም ይለቀሳል እንዴ?” ቢሉ ክፋት የለበትም። በእኛ ባህል ለቅሶ ድንኳን፣ እዝን፣ ሠልስትና ተዝካር አለው፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም፤ በዚህ እኮራለሁ። ለውሻ ድንኳን ይጣል የሚል የለም። ነገር ግን የኀዘን ተመራማሪው ኬነዝ ዶካ በ1989 የጻፈበት፣ ማኅበረሰብ ዕውቅና የሚነፍገው ኀዘን ይኸው ነው፤ የሚያጽናና ሰው ስለሚያጣ ይከብዳል። ለዚያ ልጅ “እግዜር ያጽናህ” ማለት የሚበዛበት አይመስለኝም። ውሻን መውደድ የፈረንጅ ነገር ነው ለሚልም ጃንሆይ ሉሉ ከተባለው ትንሽ ውሻቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ አለ።

ለትንሽ ልጅ “ጠፋ” ወይም “ተኛ” ከማለት “ሞተ” ማለት ይሻላል፤ ጠፋ የተባለ ይፈለጋላ። ውሻው ሐኪም ቤት ካረፈና ልጁ ልየው ካለ ቢያየው መልካም ነው። የለመዱት የእግር ጉዞም ባይቋረጥ ጥሩ ነው። ዳላስ ውስጥ ሐምሌ ላይ አስፋልቱ የውሻ መዳፍ ስለሚያቃጥል ውሻ ያለው ቤት ማልዶ መውጣትን ይለምዳል፤ ውሻው ከሞተም በኋላ ሰውነት በዚያው ሰዓት ይነቃል። በለመዱት መንገድ ያለ እሱ በተመላለሱ ቁጥር አንጎል ካርታውን ጥቂት በጥቂት ያርማል።