የአውሮፕላን ዜግነት

ከገርጂና ከጎሮ ሰፈር አንጋጦ ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች የሚመለከት ሰው፥ ቀለማቸውን አይቶ «ይህ የእገሌ አገር ነው» ብሎ መፍረዱ የተለመደ ቢሆንም፥ የአውሮፕላን ዜግነት ከቀለሙም ከባለቤቱም ሳይሆን፥ ብዙ ሰው ልብ ከማይላቸው በጅራቱ አጠገብ ከተጻፉት ጥቂት ፊደላት ይታወቃል። የኢትዮጵያ ምልክት «ኢቲ»፥ የአሜሪካ «ኤን»፥ የኬንያ «5ዋይ» ነው። መናገሻውን በሎሜ ያደረገው አስካይ አየር መንገድ፥ የገዛ ቀለሙን ተጐናጽፈው በምዕራብ አፍሪካ የሚመላለሱለት አውሮፕላኖች «ኢቲ» የሚል የተጻፈባቸው፥ መዝገባቸውም እዚህ አዲስ አበባ የሚገኝ ናቸው።

ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመውና አገራችንም ከቀደሙት ጋር የተቀበለችው ስምምነት፥ አውሮፕላን በተመዘገበበት አገር ዜግነት እንዲጠራ፥ በሁለት አገርም ባንድ ጊዜ እንዳይመዘገብ ደንግጓል። መያዝ የሚገባቸውን ወረቀቶች 29ኛው አንቀጽ ስለዘረዘራቸው እኔ አልደግማቸውም።

ዘወትር የሚያስደንቀኝ ግን 32ኛው አንቀጽ ነው። ድንበር ተሻግሮ የሚበር አብራሪ ፈቃዱን የሚያገኘው ወይም የሚያጸናው አውሮፕላኑ ከተመዘገበበት መንግሥት እንጂ ራሱ ከተወለደበት አገር አይደለም፤ ስለዚህ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ወጣት በ«ኤን» አውሮፕላን ባሕር ሲሻገር ፈቃዱ አብሮት ይሻገራል፤ «ኢቲ» የተጻፈበትን ለማብረር ሲነሣ ግን፥ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ካላጸናለት በቀር ከተሳፋሪ አይለይም። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ቡና ስንጠጣ አንድ እንዲህ ያለ ወጣት «እንግዲያስ ጋሼ፥ የኤን አውሮፕላን ተከራይቼ መጥቼ በአገሬ ሰማይ እበራለሁ» ቢለኝ፥ «ልጄ፥ የአንቀጹን ሁለተኛ ክፍል አላነበብኸውም» አልሁት። በዚያ ክፍል እያንዳንዱ መንግሥት፥ የገዛ ዜጋው ከሌላ አገር ያወጣውን ፈቃድ በግዛቱ ሰማይ ላይ ላለመቀበል መብቱን አስጠብቋልና፥ ባዕድ በያዘው ወረቀት የሚበርበትን ሰማይ የአገሩ ልጅ በዚያው ወረቀት ሊከለከለው ይችላል! ነገሩ ለጊዜው ግፍ ቢመስልም፥ ዜጋ የአገሩን ፈተና ሸሽቶ ከሌላ ዘንድ ቀላሉን እንዳይሸምት የሚከለክል ስለሆነ፥ እኔ በበኩሌ ፍትሐዊ ሆኖ አገኘዋለሁ።

መዝገብና ፈቃድ የተሟሉለትም ቢሆን፥ ሰማዩ የባለ መሬቱ መንግሥት መሆኑን የዘነጋ አብራሪ ከመታሰር አይድንም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከቀርጤስ ደሴት ተነሥተው ወደ ኬፕ ታውን ያመሩ፥ ድርብ ክንፍ ያላቸው የጥንት አውሮፕላኖች ከሱዳን ተሻግረው ጋምቤላ ባረፉ ጊዜ፥ ባለሥልጣኑ በሕገ ወጥ መንገድ መግባታቸውን ስለ አስታወቀ፥ አብራሪዎቹ ተይዘው ከቈዩ በኋላ ነው መንገዳቸውን የቀጠሉት። ስለዚህ የባዕድ አገር አውሮፕላን ይዘህ ልትመጣ የምታስብ ወዳጄ ሆይ፥ የመግቢያ ፈቃድህን ከመነሣትህ አስቀድሞ፥ በሰው አፍ ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበል።