ሥዕሉ የት ገባ?

ባለፈው ክረምት ከሆሳዕና ተነሥተን ወደ ሀቢቾ በሄድን ጊዜ ከአንድ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ጋር ተገናኘን። ከጠረጴዛው ፊት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል፤ ከእንሰታቸው መካከል የጠወለገ ስላዩ፥ ነገሩ አጠውልግ የተባለው በሽታ እንደ ሆነ ለመጠየቅ መምጣታቸው ነው። ወጣቱም የበሽታውን ፎቶግራፍ ሊያሳያቸው አሮጌውን ኮምፒዩተር ከፈተ። ጽሑፉ መጣ፤ ፎቶግራፉ ግን ቀረ። በቦታው የተቀደደ ወረቀት የሚመስል ትንሽ ምልክት ብቻ ቁጭ አለ። ገበሬው አተኩረው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ የኔስ እንሰት እንዲህ አይመስልም» አሉ።

አንባቢዎቻችን ይህን እንደ ቀልድ አይውሰዱብን። አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸ በሽታ ነው። በታመመ ተክል ላይ የዋለ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ያደርሰዋል። የታመመውን ነቅሎ መቅበር ያስፈልጋል፤ ጤነኛውን በስሕተት የነቀለ ግን ለዓመታት የደከመበትን ምግብ ያጣል። ስለዚህ የአንዲት ፎቶግራፍ መታየትና አለመታየት የአንድ ቤተ ሰብ የቀለብ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ሥዕሉ ለምን ጠፋ? ጉግል በ2010 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም የአውሮፓ ናቸው) ዌብፒ የተባለ፥ ክብደቱ የቀለለ የሥዕል ዓይነት አወጣ። ፋየርፎክስ በ2019፥ ሳፋሪም በ2020 ያነቡት ጀመር፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን በ2022 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አልተማረውም። ይህ ብራውዘር የቆየ ዐመል አለበት። በ2001 የወጣው 6ኛው እትሙ፥ ጀርባው ብርሃን አሳላፊ የሆነውን የፒኤንጂ ሥዕል ግራጫ አልብሶ ያሳይ ነበር፤ 7ኛው እትም በ2006 እስኪያቃናው ድረስ የድረ ገጽ ሠሪዎች በልዩ ልዩ ዘዴ ሲያታልሉት ኖረዋል።

መፍትሔውስ? ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ፋየርፎክስ 115ን መጫን ነው፤ ለዚያ ዊንዶውስ የመጨረሻው ሲሆን ዌብፒን ያነባል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ግን የመጨረሻው ፋየርፎክስ 52 ስለ ሆነ አያነብም፤ ሥዕሉን በአዲስ ስልክ ከፍቶ፥ ወደ ጄፔግ ለውጦ በፍላሽ ማምጣት ይሻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት ማየት ነው። የውስጡ ባትሪ ሲሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስና፥ ብራውዘሩ ሥዕሉ የሚመጣበትን ቦታ አላምንም ይላል።

ድረ ገጽ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ደግሞ «ፒክቸር» በተባለው ምልክት ውስጥ ዌብፒውን ከፊት፥ ጄፔጉን ከኋላ ቢያስቀምጡ አሮጌው ብራውዘር የማያውቀውን ዘሎ ጄፔጉን ያነሣል። «ኦልት» በሚባለው ቦታ ላይ ሁለት መስመር መግለጫ መጻፍስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ይህን የምንለው ለመሥሪያ ቤቶችም ጭምር ነው። የሥራ ማስታወቂያን በወረቀት ጽፎ፥ ማኅተም መትቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ልማድ ሆኗል፤ ሥዕሉ ሲጠፋ ማስታወቂያውም አብሮ ይጠፋል። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት አማርኛን በሥዕል መለጠፍ ችግር ያመጣው ዘዴ ነበር። ዛሬ ግን ምን አስገደደን?

በዚያ ዕለት ወጣቱ ሥዕሉን በስልኩ ለውጦ አመጣው። ከተቆረጠው ግንድ ላይ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣ ያሳያል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠግተው፥ «ይኸው ነው» አሉና፥ ቢላዋውን ለጎረቤት አውሰውት እንደ ነበረ ትዝ ስላላቸው ተነሥተው በችኰላ ወጡ።