በአማርኛ ግጥም የቤት መምታትና የድምፅ አገልግሎት ለትርጉም

ግጥም በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው መቅረባቸው የተለመደ ነው። አንደኛው «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ግጥሙ በየትኛው ፊደል ቤት ይመታል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጥ ተማሪ ግጥሙን ወደ ዝርው ንግግር መልሶ ይተርካል፤ ለሁለተኛው የሚመልሰውም የስንኞቹን መድረሻ በዓይኑ ቃኝቶ ፊደሉን ይለቅማል። ሁለቱም መልሶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ድምፁ ለመልእክቱ ምን እንደ ሠራለት ሳይጠየቅ ከቀረ፣ ተማሪው ቤት መምታትን እንደ ጌጥ ብቻ ቆጥሮት ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአማርኛ ግጥም ድምፅ ከትርጉም ተነጥሎ የሚታይ አለመሆኑን ማስረዳትና ከዚህ የሚከተለውን የማስተማር ዘዴ ማመልከት ነው። በምሳሌነት የቀረቡት ስንኞች ለዚሁ ማብራሪያ ሲባል የተዘጋጁ ናቸው።

የቤት መምታት ጠባይ

በአማርኛ ግጥም ሁለት ስንኞች ቤት መቱ የሚባለው የመጨረሻ ፊደላቸው በዘሩም በድምፁም አንድ ሲሆን ነው። «ለ» ከ«ለ» ጋር ይገጥማል፤ ከ«ሉ» ወይም ከ«ላ» ጋር ግን አይገጥምም። የመጨረሻው ፊደል ሳድስ በሆነ ጊዜ ጆሮ ከርሱ በፊት ያለውንም ድምፅ ይጠብቃል። ስለዚህ «ብርሃን» ከ«ዘመን» ይልቅ ከ«ሥልጣን» ጋር የተሻለ ይስማማል። በግዕዝ ድርሰትም ይኸው ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ የጉባኤ ቃና ሁለት ስንኞች በአንድ ቤት ይደመደማሉ፤ በመልክዕም የአንዱ ክፍል አምስት ስንኞች አንድ ቤት ይጠብቃሉ።

የአማርኛ ሰዋስው ለገጣሚ ብዙ ቤት በነፃ ያድላል። «ቤታችን፣ አገራችን፣ ልጃችን» የሚሉት ቃላት የሚገጥሙት ባለቤትነትን የሚያመለክተው ቅጥያ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ነው። «ሄደች» እና «ወሰደች»ም ቢሆኑ የግሡ እርባታ ብዙውን ሥራ ሠርቶላቸዋል። እንዲህ ያለው ቤት ስሕተት ባይሆንም አእምሮን አያነቃም። ቤት መምታት ለትርጉም የሚያገለግለው በድምፅ የሚቀራረቡ፣ በሐሳብ ግን የሚራራቁ ቃላት ሲገናኙ ነው። የሚከተሉት ስንኞች ይህን ያሳያሉ፤

በጥር ወር የሞላ፣ ያ ሰፊ ጎተራ፣
በሐምሌ ሲከፈት፣ አወጣ መከራ።

«ጎተራ» የጥጋብ፣ «መከራ» የችግር ስም ነው። ድምፃቸው ግን ወንድማማች ያደርጋቸዋል። አንባቢው የመጀመሪያውን ስንኝ ሲጨርስ ጆሮው «ራ»ን እየጠበቀ ይቆያል፤ ከጎተራ እህል እንዲወጣ ሲጠብቅ በዚያው ድምፅ መከራ ይወጣል። «በሐምሌ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ» ቢባል ወሬው አይለወጥም። የሚጠፋው የጥርን ጥጋብና የሐምሌን ረኀብ አንድ ላይ ያሰረው ገመድ ነው።

በዚህ ምሳሌ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በተለመደው ንግግር የሚያበቃው በግሥ ነው፤ «መከራ አወጣ» ይባላል። ቤቱ ግን ቃላቱን አዘዋውሮ «አወጣ መከራ» አሰኝቷል። በመሆኑም ከባዱ ቃል ወደ መጨረሻ ተገፍቶ ሁሉ ዝም ባለበት ቦታ ብቻውን ይሰማል። ተማሪዎች «ገጣሚው ለምን ቃሉን ገለበጠ?» ተብለው ሲጠየቁ «ቤት እንዲመታለት» ብለው ቢመልሱ መልሱ ግማሽ ነው፤ ግልበጣው ለየትኛው ቃል ክብደት እንደ ሰጠ መናገር ቀሪው ግማሽ ነው።

ምጣኔና የፊደላት ድምፅ

የስንኝ ልክም እንዲሁ ከስሜት ጋር ይያያዛል። በቡሄ በሉ ስልት እያንዳንዱ ሐረግ አራት ቀለም ሲኖረው፣ በሰንጎ መገን አምስት፣ በወል ቤት ደግሞ ስድስት ቀለም ይኖረዋል። ከላይ የቀረቡት ስንኞች በወል ቤት የተመጠኑ ናቸው። የቡሄ በሉ አጭር ሐረግ ለሚቀባበሉ ልጆች ጭፈራ ይመቻል፤ የወል ቤት ስፋት ለትረካና ለሐሳብ ቦታ ይሰጣል። እሳት ወይ አበባ የተሰኘውን የግጥም መድበል በ1966 ዓ.ም. ያሳተመው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን እስከ ስምንት ቀለም በማስረዘሙ ስልቱ «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል ደርሷል። ሐረግ ሲረዝም ትንፋሽም ይረዝማል፤ ለረጅም ቁጭትና ሙግት የሚሆን ስፍራ ይገኛል።

ከቤትና ከምጣኔ ሌላ የፊደላት መደጋገም አለ። አንድ ፊደል በራሱ ትርጉም የለውም፤ «ጠ» ሁልጊዜ ቁጣ፣ «ለ» ሁልጊዜ ፍቅር ነው ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። ነገር ግን ትርጉሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዘነብል ድምፁ ሊያግዘው ይችላል። በጉሮሮ ታፍነው በኃይል የሚለቀቁት «ጠ፣ ቀ፣ ጨ» ስለ ግጭት በሚናገር ስንኝ ሲደጋገሙ ግጭቱን ያሰማሉ። ቋንቋው ራሱም በዚህ መንገድ ይጠቀማል። «ሰበረ» ተደግሞ «ሰባበረ» ሲሆን የድምፁ መደጋገም የድርጊቱን መደጋገም ይናገራል፤ «ኮሽ አለ»፣ «ብልጭ ድርግም አለ» የሚሉትም አባባሎች ነገሩን በድምፅ ይሥሉታል። ገጣሚ የሚያደርገው በዕለት ንግግር ያለውን ይህን ሀብት አጥብቆ መያዝ ነው።

መጥበቅና መላላት

የድምፅና የትርጉም ትስስር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ፊደል በማያሳየው ነገር ላይ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። «ገና»ም ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ማለት ይሆናል። እነሆ ምሳሌው፤

ልብሴ መቼ ሲላት፣ ልጁ እያማረረ፣
እናት ገና አለችው፣ ዝም ብሎ አደረ።

«ገና» ጠብቆ ከተነበበ እናቲቱ ቀን ቆርጣ ቃል ገብታለች፤ የልጁም ዝምታ የተስፋ ዝምታ ነው። ላልቶ ከተነበበ ቀጠሮ የሌለው መልስ ነው፤ ዝምታውም ተስፋ የመቁረጥ ይሆናል። ሰምና ወርቁ ያለው በዚህ አንድ ድምፅ ውስጥ ነው። ግጥሙን በዓይኑ ብቻ ያነበበ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ሳያውቅ ይመርጣል፤ ሌላው መኖሩንም ላይጠረጥር ይችላል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማር ልጅ ደግሞ ቃሉን በሁለቱም መልክ ሰምቶት ካላደገ፣ ከመጽሐፉ ብቻ ሊያገኘው የሚችልበት መንገድ የለም።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከተገለጸው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። በመጀመሪያ፣ ግጥም ከመተንተኑ በፊት በመምህሩ፣ ቀጥሎም በተማሪዎች ድምፅ መነበብ ይኖርበታል። ለዚህ የሚውለው ጊዜ ከትምህርቱ የተቀነሰ ሳይሆን የትምህርቱ መሠረት ነው። ስለሆነም የክፍለ ጊዜ ድልድል በሚዘጋጅበት ወቅት ንባቡ ራሱን የቻለ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁሉም በተራ ማንበብ ባይችሉም፣ ግማሹ ክፍል አንዱን ስንኝ፣ ግማሹ ሌላውን ተቀብሎ ሊያነብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ትርጉም በሚያሻማበት ቦታ የሚጠብቀውን ፊደል ከበላዩ ነጥብ በማድረግ ቢያመለክቱ፣ ወይም ሁለቱን ንባብ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ቢያሰፍሩ ይጠቅማል። ቅኔነት ያለው ስንኝ ሲሆን ግን ምልክቱ ምሥጢሩን አስቀድሞ እንዳይገልጠው ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ የፈተና ጥያቄ ፊደል ከመልቀም ማለፍ አለበት። «ቤት መምቻው ፊደል የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ግጥሙ ያልገባው ተማሪም ይመልሳል። «ቤት የመቱት ሁለቱ ቃላት በሐሳብ ምን ያገናኛቸዋል? አንዱ በሌላ ቃል ቢተካ ምን ይጠፋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጠው የሰማና ያስተዋለ ብቻ ነው። ይህን የለመደ ተማሪ ያልተማረውን ግጥም ቢያገኝ እንኳ ጆሮውን መሪ አድርጎ ወደ ምሥጢሩ ለመግባት አይቸገርም።