ስድስት ጓደኛሞች በአንድ የሸራ ጀልባ

«በሸራ ጀልባ ሜዲትራኒያን ላይ ልንጓዝ ነው» ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ዕለት ለአፍታ ዝም አለች፡፡ ከዚያም «ውኃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለችኝ፡፡ አልፈረድኩባትም፡፡ ለብዙ ኢትዮጵያዊት እናት የዚህ ባሕር ስም የሚያያዘው ከመዝናናት ጋር ሳይሆን ከሊቢያ ዳርቻ ተነስተው በዚያው ከቀሩ ልጆች ጋር ነው፡፡ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝገብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በሜዲትራኒያን ላይ የሞቱትና የጠፉት ከ25 ሺሕ በላይ ናቸው፡፡ እኛ ቪዛ፣ ኢንሹራንስና የመመለሻ ትኬት ይዘን የምንሄድ ስድስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች ነበርን፡፡ ልዩነቱን አስረድቻት ተሰነባበትን፡፡ የእናቴ ተረት የገባኝ ግን በጉዞው አምስተኛ ቀን ነው፡፡

የሸራ ጀልባ መከራየት የከበርቴዎች ነገር ብቻ ይመስለን ነበር፡፡ ሆኖም ባለ አራት መኝታ ክፍል፣ 13 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጀልባ ለስድስት ስንካፈለው የየድርሻችን ወጪ መካከለኛ ሆቴል ለአንድ ሳምንት ከሚጠይቀው ብዙም አልራቀም፡፡ ግሪክ ውስጥ ጀልባ በሁለት መንገድ ይከራያል፡፡ አንደኛው ከነካፒቴኑ ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ ጀልባውን ብቻ ወስዶ ራስ መንዳት ሲሆን፣ ለዚህ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ተቀባይነት ያለው የብቃት ማረጋገጫ፣ ሌላ አንድ ሰው ደግሞ በቂ ልምድ ሊኖረው ይገባል፡፡ ስቶክሆልም የሚኖረው ጓደኛችን ፈቃዱ ነበረው፤ የሐምቡርጉ ደግሞ ለዓመታት በሸራ ተጉዟል፡፡ ከአዲስ አበባ የሄድነው አራታችን ከጣና ሞተር ጀልባ በቀር የምናውቀው አልነበረም፡፡ እንዲያውም አንዷ ጓደኛችን ዋና አትችልም፡፡

ከዚህ ለሚነሳ ሰው ዕቅዱ የሚጀምረው ከቪዛ ነው፡፡ የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ጉዞው 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፡፡ ቢያንስ 30 ሺሕ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል፡፡ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፡፡ በካርታ ላይ ሲታዩ አንዳንድ የግሪክ ደሴቶች ለቱርክ ጠረፍ እጅግ ቅርብ ናቸው፤ «ምሳ እዚያ በልተን እንመለስ» ያሰኛሉ፡፡ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ያለው ሰው ግን አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፡፡

ቀጣዩ ጥያቄ የትና መቼ የሚለው ነው፡፡ በኤጂያን ባሕር ላይ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ «ሜልቴሚ» የሚሉት ብርቱ የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፡፡ ስማቸው የገነነው የሲክላዲስ ደሴቶች ለዚህ ነፋስ የተጋለጡ ናቸው፡፡ በአንፃሩ ከአቴንስ በስተደቡብ ያለው የሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ በግራና በቀኝ የብስ ስለሚከልለው ለጀማሪ ይሻላል፡፡ ስለዚህ ሳሮኒክን መረጥን፤ ጊዜውንም ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. አደረግነው፡፡ በመስከረም ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፤ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል፡፡ አብዛኛውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፡፡

ኪራዩ በተለምዶ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፡፡ ጀልባው ግን ዓርብ ማታ ወደ መነሻው ወደብ መመለስ ስላለበት በእጅ የሚቀረው ጊዜ ስድስት ቀን ገደማ ነው፡፡ የሸራ ጀልባ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፡፡ በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ሄደ ማለት ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ አለ ማለት ነው (አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው)፡፡ የማራቶን ሯጮቻችን በእጥፍ ይቀድሙታል፡፡ በቀን ከ15 እስከ 20 የባሕር ማይል ከታቀደ ለዋናም፣ ለምሳም፣ ለወሬም ጊዜ ይተርፋል፡፡

ጀልባው ላይ ሕይወት ጠባብ ናት፡፡ ጨዋማ ያልሆነው ውኃ ከታንከር የሚቀዳ ስለሆነ ገላን መታጠብ በደቂቃ ይለካል፡፡ የመፀዳጃው ቱቦ ቀጭን በመሆኑ ሶፍት እንኳ አይጣልበትም፡፡ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለወደብ ክፍያ እኩል አዋጥተን እንደ ዕቁብ አንድ ገንዘብ ያዥ ሾምን፤ ይህ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርቶልናል፡፡ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙት ጓደኞቻችንም አልተቸገሩም፡፡ ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ በየምግብ ቤቱ የባቄላ፣ የክክና የጎመን ምግብ አይጠፋም፡፡

ከአቴንሱ አሊሞስ ወደብ ተነስተን እሑድ ኤጂና ደረስን፤ በፒስታቹዋ የታወቀች ደሴት ናት፡፡ ሰኞ ፖሮስ አደርን፡፡ ማክሰኞ ሃይድራ ገባን፡፡ ሃይድራ ላይ የግል መኪና ክልክል ነው፤ ሻንጣ የሚያጓጉዙት በቅሎና አህያ ናቸው፡፡ ጠዋት የኮቴ ድምፅ ሰምቼ ስነቃ ለአፍታ አያቴ ቤት የተኛሁ መስሎኝ ነበር፡፡ ወደቧ ግን ጠባብ በመሆኑ ጀልባዎች ተደራርበው ይቆማሉ፤ የአንዱ መልሕቅ ከሌላው ጋር ሲጠላለፍ ማየትም የተለመደ ነው፡፡

ጥፋታችን የተሠራው ረቡዕ ጠዋት ነው፡፡ ካፒቴናችን ትንበያውን አይቶ «ነገ ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይበረታል፤ ከዚህ ብንመለስ ይሻላል» አለ፡፡ እኔ ደግሞ ስፔትሴስን ሳላይ መመለሱ አልዋጥ አለኝ፡፡ «ድምፅ እንስጥ» ያልኩት፣ ሁለቱን አግባብቼ ከጎኔ ያሰለፍኩትም እኔ ነኝ፡፡ አራት ለሁለት አሸነፍን፡፡ ዋና የማትችለው ጓደኛችን ከካፒቴኑ ጋር ነበረች፡፡ መንገዱ ነፋስን ከኋላ ይዞ የሚኬድ ስለነበር ስፔትሴስ የገባነው እየሳቅን ነው፡፡

ሐሙስ ፊታችንን አዞርን፡፡ እዚህ ላይ የሸራን ጠባይ ማስረዳት ያስፈልጋል፡፡ የትኛውም የሸራ ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፡፡ መጠጋት የሚችለው እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ስለሆነ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያጠፈ ይወጣል፡፡ በዚህ አካሄድ 30 የነበረው የባሕር ማይል ከ40 በላይ ይሆናል፡፡ በሄድንበት ጊዜ ከኋላ ሆኖ የገፋን ነፋስ ስንመለስ ፊት ለፊት ቆመ፡፡ ሞተር ብናስነሳም ማዕበሉ እየመታ አዘገመን፡፡

ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተጋድማ ስትሄድ የምትገለበጥ ይመስላል፡፡ ከሆዷ ሥር የተገጠመው ከባድ ብረት መልሶ ስለሚያቆማት በዚያ ዓይነት ነፋስ በቀላሉ አትገለበጥም፡፡ ይህንን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማመን ሌላ ነው፡፡ ጓደኛችን ላይፍ ጃኬቷን አጥብቃ፣ የደኅንነት ገመዷን አስራ፣ እያስመለሳት አሥር ሰዓት ያህል ተቀመጠች፡፡ ከቀኑ አጋማሽ በኋላ የፊተኛው ሸራ ጠርዙ ላይ ተቀደደ፡፡ ፖሮስ የደረስነው ከጨለመ በኋላ ነው፡፡ ማንም አልተጎዳም፡፡ የሸራው ዋጋ ካስያዝነው ገንዘብ ላይ ተቆረጠ፤ እኔ ልክፈለው ብል እንቢ አሉኝ፡፡ እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፡፡ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «እኔ አልፈልግም ስል ለምን ቆጠርከኝ?»

ለመሰል ጉዞ ለሚያቅዱ የምመክረው ከዚህ የተነሳ ነው፡፡ ሩቁን ደሴት እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ይድረሱበት፤ ካልተደረሰበት ይቅር፡፡ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ለመመለሻና ለመጠባበቂያ ይተዉ፡፡ ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ ሲጠይቁ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ያስቡ፡፡ ከሁሉም በላይ ምግቡ፣ ሙዚቃውና የመኝታ ክፍሉ በድምፅ ይወሰን፤ የመነሳትና ያለመነሳት ጉዳይ ግን የካፒቴኑ ነው፡፡ ካፒቴኑም ሲወስን መቁጠር ያለበት የብዙኃኑን ጉጉት ሳይሆን ከሁሉም ይልቅ የሚፈራውን ሰው አቅም ነው፡፡

አዲስ አበባ እንደገባሁ እናቴ ዘንድ ሄድኩ፡፡ ሸራው መቀደዱን አልነገርኳትም፡፡ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ስንሄድ እየሳቅን ነበር» አልኳት፡፡ ቀና ብላ አየችኝና «ስትመለሱስ?» አለች፡፡